ቀላል ተብሎ ስለተመዘገበው ከባድ ግድግዳ

ቀን፦ 09/07/2016

ለሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም ደረጃ ምዘና ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

አመልካች፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የድንጋዩ ቤት ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ወላጅ አባቴ የገነቡት ከባድ ግድግዳ በደረጃ ምዘናው «ቀላል» ተብሎ ስለተመዘገበብኝ፣ በዚህም ምክንያት ስለደረሰብኝ በደል አቤቱታ ማቅረቤን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በስፌት ሙያ የምተዳደር፣ አባቴ በሠሩት የድንጋይ ቤት ውስጥ ከወላጅ እናቴ ጋር የምኖር፣ ይልቁንም እስካለፈው ወር ድረስ እኖር የነበርኩ ሴት ነኝ። አባቴ ግንበኛ ነበሩ። ቤቱን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። ድንጋዩ በጭቃ ተገንብቶ ከውስጥም ከውጭም በኖራ ተለስኗል። ውፍረቱን ለመግለጽ ያህል፣ ታናሽ እህቴና እኔ ልጆች ሳለን በመስኮቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እግራችንን አጥፈን እንጫወት ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለትዝታ ሳይሆን ለልኬት ነው።

2. ታናሽ እህቴ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነች። ከግቢያችን ግማሹ ስለደረሳት ከአጥሩ ማዶ የራሷን ቤት ሠርታለች፤ ሠርታለች ከማለት አስገጥማለች ማለት ይቀላል። ግድግዳው በሁለት ቆርቆሮ መሃል ፎም የተሞላ ፓኔል ሲሆን፣ በመኪና መጥቶ እንደ ቁም ሣጥን ነው የተገጣጠመው። በሙያዬ ቋንቋ ላስረዳ ቢፈቀድልኝ፣ የእህቴ ቤት በስስ ጨርቅ ላይ ጥሩ ገበር የገባበት ልብስ ነው። እውነት ለመናገር ገበሩ ጥሩ ነው። የእኔ ደግሞ ገበር የሌለው፣ ጨርቁ ራሱ ወፍራም የሆነ ካፖርት ነው። ገበር ብቻ የሚቆጥር ሰው ከመጣ ካፖርቱ ምንም ነጥብ አያገኝም።

3. ባለፈው ወር የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ፣ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ጎልማሳ፣ ሰፈራችንን ሊመዝኑ መጡ። መጀመሪያ የገቡት እህቴ ቤት ነው። ሲወጡ በሯ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ አንደኛ ደረጃ የሚል፣ በብሎን ታስሮ ቀረ። ጎረቤቱ ይህን ሰሌዳ «ታርጋ» ይለዋል። እህቴ ታርጋ ወጥቶላት ፊቷ በርቶ፣ የእኔን ለማየት ባለሙያውን ተከትላ መጣች። ያን ዕለት ሥራ አልነበራትም፤ ቢኖራትም የምትገባ አይመስለኝም።

እናቴ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን በምዕራብ በኩል ካለው ግድግዳ አስጠግተው ተቀምጠዋል። እኔ የደንበኛዬን ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ስለነበር አፌን ሙሉ ስፒል ይዣለሁ። ባለሙያው ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉ፤ እምብዛም ድምፅ አልሰጠም።

«ይሄ ከባድ ነው» አሉ።

እህቴ ሥራዋ መድኃኒት ቤት በመሆኑ ይህን ቃል የምታውቀው ለሕመም ሲባል ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከባድ ነው?» አለች።

«በጣም። እንዲህ ዓይነት ካየሁ ቆይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምንም ማድረግ አይቻልም። የምዘናው ማስያ ለከባድ የሚሆን ቦታ የለውም፤ እንዲሁ ነው የምናልፈው።»

እህቴ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔ መልስ እንዳልሰጥ አፌ ስፒል ሞልቶታል። ባለሙያው ቀይ ታርጋ፣ አምስተኛ ደረጃ፣ በሬ ላይ አስረው እንደሄዱ እህቴ የእናታችንን ትራስ ብብቷ ስር አደረገች። «እማዬ፣ ሰምተሻል አይደል? ከባድ ነው ተብሏል። እዚህ ቤት ማደር የለብሽም» አለች። እናቴ ተነሥተው ተከተሏት። እኔ ስፒሉን አንድ በአንድ አውጥቼ እስክጨርስ የአጥሩን በር አልፈዋል።

4. ክቡር ሆይ፣ በአቤቱታ ላይ የሆድን መጻፍ እንደማይገባ አውቃለሁ። ነገሩ ቅናት ነው ከተባለ ግን፣ አዎ ቅናት ነው። እህቴ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትወጣ ያችን አረንጓዴ ታርጋ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላታለች። አቧራ ባይኖርባትም ትወለውላታለች፤ ስትጨርስም መለስ ብላ ወደ እኔ በር ታያለች። የእናቴ ነጠላ ጫማ አሁን የሚታየው ከእሷ ደጃፍ ነው። ያንን ጫማ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ለልኬት የሚመጡ ደንበኞቼም ገና ከበሩ «ውይ፣ ቤትሽ ምን ሆነ?» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ የእህቴን ታርጋ አይተው «የእሷ እንዴት ያምራል!» ይላሉ። እነዚህን ሴቶች ወገባቸውን አጥብቤ ልሰፋባቸው ዳድቶኝ ያውቃል።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። የእህቴ ግድግዳ ሙቀት እንደማያሳልፍ በጽሕፈት ቤትዎ ተመስክሮለታል። የእናቴን ሳቅ ግን ያሳልፋል። ሳቃቸው በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን አቆማለሁ። እኔ ጋ ሳሉ እንዲህ አይስቁም ነበር እላለሁ። ከዚያ ይስቁ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ግድግዳችን ወፍራም ስለሆነ ነው ማንም ሰምቶ ያልቀናብኝ።

5. የምዘናውን ውጤት ሳነብ ሁለተኛ በደል ገጠመኝ። «የግድግዳ ዓይነት» በሚለው ፊት ለፊት «ቀላል (በነባሪ)» ተብሎ ተጽፏል። «በነባሪ» የተባለው ቤቱ ነባር በመሆኑ የተሰጠ ማዕረግ መስሎኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅ ግን፣ ነባሪ ማለት ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ከራሱ የሚሞላው መልስ ነው ተባልኩ። እንግዲህ ፊት ለፊቴ «ከባድ» የተባለው ቤት በወረቀት «ቀላል» ሆነ። አባቴ እንኳን ቤት፣ የዶሮ ማደሪያም ቀላል ግድግዳ አድርገው ሠርተው አያውቁም።

ከውጤቱ ግርጌ ደግሞ ምክረ ሐሳብ አለ። ግድግዳው ከውስጥ በኩል በፎም ይሸፈን ይላል። እህቴ ይህን እንደሰማች የእሷን ቤት የገጠሙትን ሠራተኞች ልታመጣልኝ ተነሣች። «እኔ አስጨርስልሻለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ» አለችኝ። ደግነት ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን የአባቴን ግድግዳ የእሷን ግድግዳ ልታስመስለው እንደሆነ ነው የገባኝ።

6. ባለሙያውን መክሰሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሰውየው በኋላ ሱሪ ሊያሳጥሩ እኔው ጋ መጥተው፣ እስኪደርስላቸው ቁጭ ብለው በትዕግሥት አስረድተውኛል። እንደነገሩኝ ሙሉው የምዘና ዘዴ ግድግዳው ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን ይጠይቃል። ለመኖሪያ ቤት የሚደረገው አጭሩ ምዘና ግን ጥያቄውን ዘልሎ ሁሉንም ቤት ቀላል ይለዋል። ከዚያም የወሩን የአየር ሙቀት አማካይ ወስዶ በግድግዳው ስንት ሙቀት እንደሚያልፍ ያሰላል። «ስንት እንደሚያልፍ እንጂ መቼ እንደሚያልፍ አይጠይቅም» አሉኝ።

የእኔ ግድግዳ ሥራው ሁሉ ያለው መቼ የሚለው ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፤ የጠጣውን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ግን አመሻሽ ላይ፣ ውጭው መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ቤቱ በቀትር ይቀዘቅዛል፣ ሲመሽ ለብ ይላል። በአማካይ ሲሰላ የቀኑና የማታው አንዱ ሌላውን ያጠፋውና ያ ሁሉ ድንጋይ እንዳልነበረ ይሆናል። ፎሙን ከውስጥ ብናለብሰውስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያኔ ሙቀቱ ከፎሙ ጀርባ ይቀራል። ታርጋሽ ይሻሻላል፣ ግድግዳሽ ግን ላንቺ መሥራት ያቆማል» አሉ።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ከባድ ነው አሉ?»

«ከባድ ስለሆነ ነዋ! ማድነቄ እኮ ነበር።»

እህቴ በሽታ መስሏት እናቴን ወሰደችብኝ ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ሱሪያቸው ደርሶ እንኳ ይጠርጉ ነበር።

7. የቤቴን ጉድ አልደብቅም። ሰማዩ በደመና ተዘግቶ ሲሰነብት ግድግዳው የሚጠጣው ፀሐይ አያገኝም። አንዴ ከቀዘቀዘም ማሞቂያ ብከፍት መጀመሪያ የሚሞቀው ድንጋዩ ነው፣ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ። እህቴ በዚያ ወቅት ማሞቂያዋን እንደከፈተች ቤቱ ይሞቅላታል፣ ሹራቧን አውልቃ ስትንጎራደድ በመስኮት አያታለሁ። ጣራዬም ከቆርቆሮ በቀር ምንም የለውም፤ መስኮቶቼም ንፋስ ያስገባሉ። በእነዚህ ነጥብ ቢቀነስብኝ አልከራከርም። አረንጓዴ ይሰጠኝ ብዬም አልጠይቅም።

ነገር ግን የእህቴ ቤት ፀሐይ በበረታበት ቀን ከቀትር በኋላ ምን እንደሚመስል የጠየቀ አለ? እኔ አውቃለሁ። ከጓሯችን አጥሩ ስር የቆየ የድንጋይ ክምር አለ። የደረቀ ልብስ ደግሜ የማሰጣ መስዬ እሱ ላይ እወጣና አያለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ወጥቼ ሳይ ቬንትሌተሩ እየጮኸ፣ እናቴ በመድኃኒት ካርቶን ክዳን ፊታቸውን እያራገቡ ነበር። እህቴ የዕረፍት ቀኗ ነበርና አየችኝ፤ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችብኝ። ያን ዕለት ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አሳፈረኝ፤ ቢያሳፍረኝም ግን ደስታው በለጠ።

8. ከዚያ ወዲህ እናቴ የቀትሩ ሙቀት ሲያስቸግራቸው «ክር ላስገባልሽ» እያሉ ወደ እኔ ይመጣሉ። የመርፌ ቀዳዳ ለእሳቸው መታየት ካቆመ እንደቆየ አውቃለሁ፤ ግን መርፌና ክር ሰጥቼ አስቀምጣቸዋለሁ። የሚቀመጡት ከዚያው ከቦታቸው ነው። ጀርባቸውን የሚያስደግፉበት ግድግዳ ኖራው ከመደገፍ ብዛት ወዝ አውጥቷል። አባቴ በሕይወት ሳሉ ከሥራ ሲገቡ መዳፋቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው «ደርሷል» ይሉ ነበር። የቀኑ ሙቀት ከውስጥ ደርሷል ማለታቸው ነው። እናቴ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ይስቡ ነበር፤ እህቴና እኔም እግራቸው ስር ቦታ እንሻማ ነበር።

አሁን ግን ደርሷል በሚባልበት ሰዓት እህቴ ከሥራ ትገባና ከአጥሩ ማዶ «እማዬ!» ትላለች። እናቴ ይነሣሉ። ግድግዳው ሲጠጣ የዋለውን መስጠት ሲጀምር የሚያገኘው ባዶ ወንበር ነው። እኔም ሄጄ ልቀመጥበት ሞክሬያለሁ፤ ወዙ ያለበት ቦታ ከጀርባዬ ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ ፎም ይሸፈንበት ነው የሚባለው። ክቡር ሆይ፣ የአቤቱታዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦

ሀ. ግድግዳዬ በነባሪ ሳይሆን በእውነቱ እንደገና እንዲመዘንና «ከባድ» ተብሎ እንዲመዘገብልኝ፤ ይህ እስኪሆን ድረስም ከውስጥ ፎም ይሸፈን የሚለው ምክረ ሐሳብ እንዲነሣልኝ፤

ለ. ባለሙያው እናታችንና እህቴ ባሉበት ተገኝተው፣ «ከባድ» ያሉት ለድንጋዩ ክብደት እንጂ ለሕመም አለመሆኑን በአንደበታቸው እንዲያስረዱልኝ፤

ሐ. የእህቴ ቤት ከቀትር በኋላ፣ ቬንትሌተሩ ሳይጠፋ ዳግም ተመዝኖ አረንጓዴ ታርጋዋ እንዲነቀል። (ተሰርዟል)

9. ለስርዝ ድልዙ ይቅርታ እየጠየቅሁ ምክንያቱን ላስረዳ። አቤቱታውን እስከ ሐ ድረስ እንደጻፍኩ እናቴ በምስክርነት እንዲፈርሙልኝ አነበብኩላቸው። መርፌውን ይዘው ከቦታቸው ተቀምጠው ነበር። እህቴ ከባድ ሲባል በሽታ መሰላት የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁ፤ ያንን ከማዶ የምሰማውን ሳቅ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ የግንበኛ ሚስት ነኝ። ከባድ ግድግዳ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው?»

«ታዲያ ለምን ተነሥተሽ ሄድሽ?» አልኳቸው፤ ድምፄ የልጅ ሆነብኝ።

«ጠራችኝ፣ ሄድኩ። ቤቴ ግቢልኝ ልትለኝ ምክንያት ስትፈልግ ስንት ጊዜዋ መሰለሽ? አባትሽ ይሄን ሠራና አንቺ ውስጡ ቀረሽ። የእሷን ሊጀምርላት ድንጋዩን ከጓሮ እንዳስከመረ ሞተ። በዚህ ቤት ባለፈች ባገደመች ቁጥር ግድግዳሽን እያየች ስትቀና ነው የኖረችው። አንድ ቀን እንኳ አላየሻትም?»

ይህን ስሰማ ልቤ ራራ ብዬ ብጽፍ ክቡርነትዎን መዋሸት ይሆንብኛል። መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጭት ነው። እህቴ ያን ሁሉ ዘመን ስትቀናብኝ እኔ ሳላውቀው፣ አንድ ቀን እንኳ ደረቴን ሳልነፋበት አለፈኝ። ቀጥሎ ትዝ ያለኝ የድንጋዩ ክምር ነው። ቤቷን አጮልቄ ስቀና የቆምኩበት ድንጋይ፣ አባታችን ለእሷ ግድግዳ ያስከመሩት ነበር። ከዚህ በኋላ ሐን ሰረዝኩት። ለ ግን ለእህቴ ሲባል ባለበት ይቆይልኝ።

እናቴ እንደዚያም ሆኖ አልፈረሙም። «በልጆቼ መካከል ምስክር አልሆንም» ብለው መርፌዬን መለሱልኝ። አይታያቸውም ብዬ የነበረው ቀዳዳ ክር ገብቶበታል።

10. በመሆኑም በሐ ምትክ የሚከተለው ይተካልኝ። ባለሙያው በጠዋት ሳይሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ይላኩልን። በዚያ ሰዓት እህቴ ከሥራ ስለምትመለስ፣ ከአጥሩ ማዶ ከመጣራቷ በፊት እዚህ እንድትገኝ በጽሕፈት ቤቱ በኩል በደብዳቤ ትጠራልኝ። እኔ ብጠራት አትመጣም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ታከብራለች። ስትመጣ ከእናታችን ጀርባ አጠገብ መዳፏን ግድግዳው ላይ እንድታሳርፍ ይደረግ፤ የባለሙያው የሙቀት መለኪያ መሣሪያም እዚያው አጠገቧ ይለካ። መሣሪያው ያለውን ይበል፤ «ደርሷል» የምትለው ግን እሷ ትሁን። እኔ አፌን ሙሉ ስፒል ይዤ እጠብቃለሁ።

የቀጠሮውን ምሽት በተስፋ እየተጠባበቅሁ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ ከድንጋዩ ቤት

ግልባጭ፦
ለታናሽ እህቴ፣ ከአጥሩ ማዶ (ተራ ፊደል ሐ በደንብ በቀለም ተሸፍኖ)